ኢያ የሰማ ሰው

እሳት እፈራለሁ። ለሥራው ስወዳደር ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የጠየቁኝ ስለ ግጦሽ መሬት አያያዝ፣ ስለ ማኅበረሰብ ተሳትፎ፣ ሞተር ሳይክል መንዳት እችል እንደሆነም ነው። ሁሉንም መለስኩ፤ አለፍኩ። ልጅ ሆኜ ነገሌ ገበያ ውስጥ የአንድ ነጋዴ ሱቅ ከነላምባው ሲነድ ቆሜ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ክብሪት ስጭር እንኳ ፊቴን ዞር አደርጋለሁ። እንዲህ ሆኜ ነው እንግዲህ ሜዳ ለማቃጠል የተቀጠርኩት።

የሊበን ሜዳ ድሮ ሣር ብቻ ነበር ይላሉ። ከብት አርቢዎቹ በየጥቂት ዓመቱ፣ ዝናብ ሊጥል ሲል፣ እሳት ይለቁበትና ቁጥቋጦው ጉልበት ሳያወጣ ይቀር ነበር። ኋላ መንግሥት እሳት ከለከለ፤ ጫካ እንዳይጠፋ ተብሎ። ጫካው አልጠፋም፤ የጠፋው ሣሩ ነው። ፉሌንሳ የሚሉት እሾሃማ ግራር ሜዳውን ዋጠው። እኔ ሀረ ዲማ በምትባለው ቀበሌ ሥራ ስጀምር ላሞቹ ጎናቸው በእሾህ ተቦጫጭሮ፣ አንድ አፍ ሣር ፍለጋ ሲንከራተቱ ነበር የሚውሉት።

ድርጅታችን ይዞት የመጣው ሐሳብ አዲስ አልነበረም፤ አዲስ የነበረው ሕዝቡን መጠየቁ ነው። ምን ይደረግ? ማን ያድርገው? ደንቡን ማን ያውጣ? ይህን «ከታች ወደ ላይ» እንለዋለን። በመጀመሪያው ስብሰባ ነገሩን ሳስረዳ ኦቦ ኩራ የሚባሉ ሽማግሌ በትራቸውን አገጫቸው ሥር ተክለው ሲያዳምጡ ቆዩና፣

«ኢንተለ ኮ፣» አሉኝ፣ «ልጄ፣ ታች ያለነው እኛ መሆናችንን ማን ነገራችሁ?»

ዛፉ ሥር የተቀመጠው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ ገባን። እሳቱ እንዲመለስ የጠየቁት እነሱው ናቸው፤ ፈቃዱን ከወረዳ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከቁጥቋጦው ጎን ከሎ አለ፤ ለጥጆችና ለደከሙ ላሞች ብቻ ታጥሮ ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ሣር ነው። እሳቱ ወደ ከሎው እንዳይሻገር ሰፊ መስመር እንዲጠረግ ወሰኑ። ቁጥቋጦው ውስጥ ገብቶ ከሰል የሚያከስል ሰው ከተገኘ ደግሞ ጊደር እንዲቀጣ ደነገጉ። አክሳዮቹ ፉሌንሳውን ትተው ለከብት ጥላ የሚሆነውን ትልልቅ ግራር ነው የሚጥሉት ተባለ፤ እውነት ነበር። እጅ ወጣ። ለሪፖርቴ ፎቶ አነሳሁ። ፎቶው ላይ ከብት ያለው ሁሉ አለ። ከሰል የሚያከስል አንድም ሰው የለም፤ እንዴት ብሎስ ይመጣል?

የደንቡ ጠባቂ አረሮ ሆነ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ምላሱ የማያርፍ ጎልማሳ ነው። ቁጥቋጦው ዳር ይቆምና እጁን አፉ ላይ አድርጎ ይጮኻል።

«ውጡ! ዛሬ እንለኩሰዋለን! እናንተንም ከሰል አድርገን ገበያ እናወጣችኋለን!»

«ማንም አይወጣም እኮ፣» አልኩት አንድ ቀን።

«አይወጡም፣» አለ። «ግን አይተኙም።»

የእናቴ ታናሽ እህት ሰንበቴ ነገሌ ውስጥ ከሰል ትሸጣለች። ላሞቿ በድርቁ ካለቁ በኋላ ከገጠር ይዛ የመጣችው አንዲት አህያና ራሷን ብቻ ነው። እኛ ቤት የሚነደው የሷ ከሰል ነው። ከየት እንደምታመጣው ስትጠየቅ፣ «በሻኪሶ መንገድ ከሚመጡት መኪናዎች እገዛለሁ» ትላለች። የማናምንበት ምክንያት ለማናችንም አልታየንም። ለሥራ ሞያሌ ደርሼ ስመለስ አረንጓዴ የናይለን ገመድ አምጥቼላት ነበር፤ የጭነት ማሰሪያ። «ይሄ ከአህያዋ በላይ ዕድሜ አለው» ብላ ሳቀችብኝ።

እሳቱ የሚለቀቅበትን ቀን የወሰኑት ኦቦ ኩራ ናቸው። ክልከላው ሳይመጣ እሳት የለቀቁ፣ አሁን በሕይወት ያሉ ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ እሳቸው ያን ጊዜ ጎረምሳ ነበሩ። ብዙውን ረስቼዋለሁ ይላሉ፤ ይህን በግልጽ መናገራቸው ይበልጥ ያስፈራኝ ነበር። ስንጠብቅ ሰነበትን። እኔ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ፍራሽ ዘርግቼ እዚያው አድር ነበር። በየማለዳው ኦቦ ኩራ አመድ በእጃቸው ዘግነው ይለቁና አካሄዱን ያያሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ «ነገ» አሉ። ወሬው በየመንደሩ በእግር ሄደ። ወደ ከተማው ግን ማንም ወሬ አልላከም፤ ከተማው ከብት የለውም።

ጠዋት ሰዎቹ ተራርቀው ተሰልፈው ቁጥቋጦውን ከዳር እስከ ዳር እየተጣሩ አለፉበት። «ውጡ! እሳት ነው! ውጡ!» ጅግራ ተነሣች። ሌላ ነገር አልወጣም።

«ባዶ ነው፣» አለ አረሮ ተመልሶ። ሸሚዙ በእሾህ ተተልትሏል። «የቀዘቀዙ ሁለት የከሰል ጉድጓዶች አይቻለሁ። ሰዎቹ ፈርተው ለቀዋል። እኔን የሚያህል ፖሊስ የለም።»

ዕቅዱ እንዲህ ነበር። ነፋሱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይነፍሳል። መጀመሪያ እኛ በምዕራቡ ዳር እንለኩሳለን። እሳቱ ነፋሱን ተቃውሞ ስለሚሄድ ቀስ ይላል፤ ከኋላው ጥቁር የተቃጠለ መሬት ይተዋል። ጥቁሩ በቂ ስፋት ሲኖረው አረሮና ሰዎቹ በምሥራቁ ዳር ይለኩሳሉ። ያ እሳት ነፋስ ጀርባው ላይ ይዞ ይሮጣል፤ ሮጦ ጥቁሩ መሬት ላይ ሲደርስ የሚበላው አጥቶ ይሞታል። ከሎው በሰሜን በኩል ነው፤ በተጠረገው መስመር ላይ ሌሎች የአረሮ ሰዎች እርጥብ ቅርንጫፍ ይዘው ተራርቀው ይቆማሉ። ወረቀት ላይ ስስለው ቆንጆ ነበር።

ኦቦ ኩራ ችቦውን ሣሩ ላይ ሲያስጠጉ ፊቴን አዞርኩ።

«ትፈሪያለሽ፣» አሉ።

«አዎ።»

«ጥሩ ነው። የማይፈራ ሰው እዚህ መስመር ላይ አላቆምም።»

እሳቱ መጀመሪያ የሚሰማው እንደ ብዙ ሰው ሹክሹክታ ነው። ከዚያ ፉሌንሳው ላይ ሲደርስ እንደ በቆሎ ፈንዲሻ ይንጣጣል። ቀስ ብሎ ነበር የሚሄደው፣ እንደታሰበው። ጭሱን ነፋሱ ወደ ኋላችን፣ ወደ ምዕራብ ይወስደዋል። አፌ ደረቀ። ውኃ ጠጣሁ፤ እንደገና ደረቀ። ሰዎቹ ዳር ዳሩን እየተከተሉ የሚያመልጠውን በቅርንጫፍ ይመታሉ፤ ይቀልዳሉ። እኔ ማድረግ የነበረብኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስልክ መደወል። ኔትወርክ የሚገኘው አንድ ረጅም ኩይሳ ላይ ሲወጡ ነው።

ኦቦ ኩራ ጥቁሩን መሬት በእግራቸው እየረገጡ ለኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «አሁን ይለኩሱ።»

ኩይሳው ላይ ወጣሁ።

«አረሮ፣ ለኩሱ ብለዋል።»

«ማን አለ?»

«ኦቦ ኩራ።»

«የቀን አበሉስ?»

«አረሮ!»

«እሺ፣ እሺ፣ አትቆጪ። ዱረቲ አዘዘች፣ ለኩሱ!» ሲል ወደ ሰዎቹ ሰማሁት። ስልኩ ተዘጋ።

ገና ከኩይሳው ሳልወርድ ነው አህያዋ የወጣችው። ከቁጥቋጦው ጥሳ፣ እሳቱ ባልደረሰበት ጠባብ በር በኩል፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ ለጥፋ መጣች። ጀርባዋ ላይ ያለው መደላድል ወደ ሆዷ ዞሯል። ሰዎቹ ሳቁ። አንዱ፣ «አረሮ ስንት ቀን የጠራው ሰው መጣለት!» አለ። ሌሎቹ ይበልጥ ሳቁ። አህያዋ በመካከላችን ስታልፍ በስተኋላዋ የተበጠሰ ገመድ ትጎትት ነበር። አረንጓዴ ናይለን።

ግራ ጆሮዋን አየሁ። ጅብ የነከሳት ጆሮ ነው፤ እቤታችን ደጃፍ ላይ ስንት ጊዜ ዳብሼዋለሁ።

«የማን ናት?» አሉ ኦቦ ኩራ።

«የአክስቴ።»

አክስቴ እዚያ ምን ታደርጋለች ብለው አልጠየቁኝም። ሳቁ ባንድ ጊዜ ቆመ። ሁላችንም ወደ ምሥራቅ ዞርን። ከቁጥቋጦው ማዶ ጭስ ቆሟል። ቀጭን አልነበረም። ቢጫና ጥቁር ሆኖ፣ ሥሩ ሰፍቶ፣ እያየነው ወፈረ።

ደወልኩ። ደንበኛውን ማግኘት አይችሉም አለኝ። እንደገና ደወልኩ። ያው የሴትዮ ድምፅ፣ በተረጋጋ አማርኛ። ስልኩን ልወረውረው ምንም አልቀረኝ።

«ስሟን እየጠራሁ ልግባ፣» አልኩ። «ድምፄን ታውቀዋለች።»

«አትወጣም፣» አሉ ኦቦ ኩራ። «ጠዋት ሰው ሁሉ ሲጠራ ሰምታ ተደብቃለች። ስሟን ስትጠሪ የባሰ ነው፤ ታወቅኩ ትላለች፣ ወደ ውስጥ ትገባለች።»

«እሳቱን ስታይስ?»

«ጭሱ ካለችበት አይደርስም፤ የኛን ነፋሱ ወደዚህ ወስዶታል። የማዶውን ስታየው ደርሷል።»

አእምሮዬ የሠራው ሥራ ያኔ አንድ ብቻ ነበር፤ ጊደር፣ ጊደር፣ ጊደር እያለ ይደጋግም ነበር። አንድ ሴት እሳት ከኋላዋ እየመጣ በጊደር ምክንያት ቁጥቋጦ ሥር ተኝታለች። ተሰብስበን የወሰንነው ነው። ሕዝቡ የወሰነው።

ከዚያ ኢያ ትዝ አለኝ።

ኢያ ኡኡታ ነው፤ ግን ኡኡታ ብቻ አይደለም። ሰው ጉድጓድ ሲገባ፣ አንበሳ ሲመጣ፣ ቤት ሲነድ የሚጮኸው ነው። የሰማ ሁሉ ያለውን ጥሎ ወደ ጩኸቱ ይሮጣል። የተጣላ ይሮጣል፤ ባለዕዳ ይሮጣል፤ እያጠባች ያለች ሴት ልጇን አስቀምጣ ትሮጣለች። ኢያ ሰምቶ የቀረ ሰው ከዚያ በኋላ ሰላምታም አያገኝም። በሐሰት የጮኸውም እንዲሁ። ከተማ ነው ያደግኩት፤ በሕይወቴ አንድም ቀን ጮኼው አላውቅም።

«ኢያ ልጩህ፣» አልኩ።

ኦቦ ኩራ ክንዴን ያዙኝ። 

«ልጄ፣ ኢያ ካልሽ ሁሉም ይመጣል። የከሎው መስመር ላይ ያሉትም ይመጣሉ። አረሮም ይመጣል። መስመሩ ላይ ሰው አይኖርም።»

«አውቃለሁ።»

«ከሎው ከሄደ ዝናቡ እስኪጥል ጥጆቹ የሚበሉት የለም።»

«አውቃለሁ አልኩዎት!»

ለሽማግሌ እንዲህ አይባልም። ክንዴን ለቀቁኝ።

«ጩኺ እንግዲህ።»

አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው እንደ ድመት ድምፅ ያለ ነገር ነው።  እንደገና ሞከርኩ፤ አነሰ። እያለቀስኩ ይሆን ብዬ ፊቴን ዳበስኩ፤ አላለቀስኩም። ያኔ ከጎኔ ኦቦ ኩራ ጮኹ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከዚያ ደረት ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር።

«ኢያ! ኢያ! ኢያ!»

የሳቸውን ተከትሎ የኔም ወጣ። ወደ ጥቁሩ መሬት ገባሁ። የጫማዬ ሶል እየለሰለሰ ይጣበቅ ነበር። የሚጨስ ጉቶ ሁሉ እንደ ሰው ይመስለኛል። ጥቁሩ መሬት መካከል ላይ፣ የኛ እሳት ገና ከፊቴ ዝቅ ብሎ እየነደደ፣ ቆሜ ጮኽኩ። ከኋላዬ የኛ ሰዎች ተቀበሉት። ከሰሜን በኩል፣ ከሩቅ፣ ሌላ ድምፅ መለሰ። ከመንደሩም መለሰ። ሜዳው ሁሉ የሚጮኽ መሰለኝ። ይበልጥ የፈራሁት ያኔ ነው። የጠራሁት ሰው ሁሉ ወደ እሳት እየመጣ ነበር።

የማዶው እሳት አሁን ይሰማል። ከባድ ጭነት የያዘ አይሱዙ ዳገት ሲወጣ የሚያሰማው ድምፅ ነው፤ የማያቋርጥ፣ ዝቅ ያለ፣ እየቀረበ የሚሄድ። ከቁጥቋጦው ራስ በላይ ምላሱን አንዳንዴ ያሳያል፤ ይሰወራል። ከፊቱ አንድ ቀጭን ነጭ ጭስ ቆሟል። የከሰል ጉድጓድ ጭስ ነው። አረሮ ያላየው ሦስተኛው ጉድጓድ።

«ኢያ!» አልኩ ወደዚያ። ድምፄ ተሰነጠቀ። «ኢያ!»

አልወጣችም። ትልቁ እሳት ወደ ነጩ ጭስ ተጠጋ። እግሬ ወደ ኋላ ሄደ፤ እውነቱን ነው የምናገረው፣ እኔ ሳላዘው ሄደ። ልሮጥ ነበር። ወደ እሷ አይደለም፤ ወደ ሞተሬ፣ ወደ ነገሌ፣ ወደ አልጋዬ ሥር።

ቁጥቋጦው ተከፈተና ሰንበቴ ወጣች። ነጠላዋን አፍና አፍንጫዋ ላይ ጠምጥማለች። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ተቀዷል። በእጇ መጥረቢያዋን ይዛለች፤ የሚያስቀጣትን መጥረቢያ፣ ሰው ሁሉ እያየ። የኛን እሳት ዝቅ ካለበት ዘላ ተሻገረች። ቀጥ ብላ ወደኔ ሮጣ መጣችና ትከሻዬን ጨብጣ አራገፈችኝ።

«ማን ነው? ማን ነው የተጎዳው? የት ነው?»

ልትረዳ ነበር የመጣችው።

«አንቺ!» አልኳት። «አንቺ ነሽ! ዞረሽ እዪ!»

ዞረች። ወጥታ የመጣችበት ቦታ አልነበረም፤ ብርቱካናማ ግድግዳ ነበር። መጥረቢያዋ ከእጇ ወደቀ። ከመጡት ሰዎች ሁለቱ ብብቷን ይዘው፣ እኔ መጥረቢያዋን ይዤ፣ ወደ ጥቁሩ መሬት ዳር ሮጥን። ሙቀቱ ጀርባዬን እንደ ሰው ገፋኝ። ኦቦ ኩራ «ተኙ! ተኙ!» እያሉ ይጮኻሉ። አመዱ ላይ በደረታችን ተኛን። ትልቁ እሳት መጥቶ ከትንሹ ጋር ተገናኘ፤ አንድ ጊዜ ወደ ላይ ተነሣ፣ ከዚያም የሚበላው አጣ። ድምፁ ቆመ። እንደዚያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ከጎኔ የተኛው ሰው ሱሪው እየጨሰ መሆኑን የነገረው ሌላ ሰው ነው።

አረሮ ዳር ዳሩን ዞሮ ሲደርስ ያለከልካል። ቅንድቡ ተለብልቦ አልቋል። ሰንበቴን አየ። መጥረቢያዋን እጄ ላይ አየ።  ከዚያ ከኋላው አንድ ሰው፣ «ከሎው!» አለ።

በሰሜን በኩል ጭስ ተነሥቷል። የሣር ጭስ ነው፤ ነጭ፣ ቀላል፣ ፈጣን። ሮጡ። እኔ ከሰንበቴ ጋር ቀረሁ። ሲደርሱ ከሎው ሄዷል፤ ከአጥሩ እሾህ በቀር የተረፈ አልነበረም።

ከዚያ ቀን በኋላ ያለውን ሳምንት በፍርሃት ነው ያሳለፍኩት፤ የሌላ ዓይነት ፍርሃት። ጥጆቹን የሩቅ ዘመድ ያለው ወደ ዱብሉቅ አቅጣጫ ነዳቸው። የሌለው ቅጠል እየመለመለ ያበላ ነበር። መንገድ ላይ የማገኛቸው ሰዎች «ነጋ» ይሉኛል፣ ሰላም ለማለት፤ እኔም «ነጋ» እላለሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም መሬት እናያለን። አንዳንድ ጥጆች ሞቱ። ይህን በሪፖርቴ ጽፌዋለሁ። አስተባባሪዬ «የተገኘ ትምህርት» የሚለው ሥር አስገባው።

ስብሰባው ተጠራ። ሰንበቴን እኔው በሞተር አመጣኋት። መንገዱን ሙሉ ወገቤን ጨምድዳ ይዛለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ጊደር ከየት አመጣለሁ?» አለች በጆሮዬ። እሳቱን አላነሣችም።

አረሮ ተነሣ።

«ደንብ ደንብ ነው። እኛው ነን ያወጣነው። በእጇ መጥረቢያ ይዛ አይተናታል። ጠዋት ስንጠራሽ አልሰማሽም?»

«ሰማሁ።»

«ታዲያ? እሳት ነው ውጡ አላልንም?»

«አልክ።» ሰንበቴ ተነሣች። «አንተ አረሮ፣ ስንት ጊዜ ነው ያቃጠልከኝ? ከመስከረም ጀምሮ በየቀኑ ነው የምነደው። ማክሰኞ አቃጠልከኝ፣ ሐሙስ አቃጠልከኝ፣ ቅዳሜ ከሰል አድርገህ ገበያ አወጣኸኝ። የትኛውን እሳት ልመን?»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ብዙ ሰው ሳቀ። አረሮ ቅንድብ የነበረበትን ቦታ አሸት አሸት አደረገ።

«እሷስ እሺ፣» አለ አንድ ጥጃ የሞተበት ሰው ከኋላ። ወደኔ ጠቆመ። «ይቺስ? መስመራችንን ያስለቀቀችን ይቺ ናት። ከሎውን ማን ይከፍለናል?»

 ይህን ነበር ሳምንቱን ሙሉ የጠበቅኩት። ኦቦ ኩራ በትራቸውን ከአገጫቸው ሥር አንስተው ወደ ሰውየው ዞሩ።

«ኢያው የሐሰት ነበር?» አሉት።

«የሐሰት አልነበረም።»

«ሰው ነበረበት?»

«ነበረበት።»

«እንግዲያው ከማን ጋር ነው ጠብህ? ተቀመጥ።»

ሰውየው ተቀመጠ፤ ግን ፊቱ አልተቀመጠም። ፍርዱ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ጥጃው ሞቷል፤ ያም ትክክል ነው።

ሰንበቴ አሁንም ቆማ ነበር። «ጊደር የለኝም፣» አለች። «ጊደር ቢኖረኝ እዚያ ቁጥቋጦ ውስጥ ምን አቆመኝ? እናንተ ፉሌንሳ ይጥፋ ትላላችሁ። እኔ ፉሌንሳ ላጥፋ፤ ከሰሉ የኔ ይሁን። የጥላውን ግራር አልነካም፤ ከነካሁ ያኔ ቅጡኝ። ከተማ ዳር እንደኔ ያሉ ሴቶች ብዙ ናቸው። ጠርታችሁን ታውቃላችሁ?»

«ለስብሰባ?» አለ አረሮ።

«ለእሳት ብቻ ነው የምትጠሩን።»

በዚያ ቀን አልተወሰነም። በሚቀጥለውም አልተወሰነም። ሰንበቴ ሌሎች ሴቶች ይዛ መጣች፤ ተጣሉ፤ ተመለሱ፤ አረሮ ሁለት ጊዜ ተቆጥቶ ሄደ። እኔ በዚያ ሁሉ ስብሰባ ላይ «ከታች» የሚለውን ቃል አንድም ጊዜ አልተጠቀምኩም። ክረምት ገብቶ ሲወጣ ነው የተስማሙት። ሴቶቹ ፉሌንሳውን ብቻ እየመነጠሩ ያከስላሉ። የጊደሩ ቅጣት በጥላው ግራር ላይ ብቻ ይጸናል። አረሮ በእሳት ማስፈራራት ተከለከለ። እሳት ከመለቀቁ በፊት ደግሞ ቁጥቋጦው ውስጥ ገብቶ ሰው የሚያወጣው ከሴቶቹ አንዷ ትሆናለች፤ የተደበቀ ሰው የሚወጣው ለነሱ ድምፅ ነውና። ሴቶቹ ሰንበቴን መረጡ።

ዘንድሮ የሚቃጠለው ከአምናው በስተደቡብ ያለው ቦታ ነው። ኦቦ ኩራ አመዱን ለቀው ነፋሱን አዩ። ሰንበቴ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ባዶ እጇን፣ መጥረቢያ ሳትይዝ ገባች።

«ውጡ እህቶቼ! ሰንበቴ ነኝ! እውነተኛው ነው!»

መጀመሪያ ቅርብ ነበረች። ሁለት ሴቶች ማዳበሪያቸውን እየጎተቱ ወጡ፤ አረሮ ሲያያቸው ደነገጡ፤ እሱም ደነገጠ። «አካም፣ ደህና ናችሁ?» አላቸው። ድምፅዋ ወደ መሃል ሄደ። ቀጠነ። አንድ ጊዜ በነፋሱ ተመልሶ መጣ። ከዚያ ጠፋ።

ችቦው ዘንድሮ የኔ ነው፤ እኔ ራሴ ነኝ የጠየቅኩት። ጫፉ እየነደደ ነው፤ ፊቴን አላዞርኩም። ሙጫ ያለው እንጨት ነው፣ ይንጠባጠባል። ጠብታው እግሬ ሥር ወድቆ ሣሩን እንዳያቀጣጥል በጫማዬ እረግጠዋለሁ።

«ነፋሱ ሊዞር ነው፣» አሉ ኦቦ ኩራ። «ልጄ፣ ለኩሺ። ወደዚያ ማዶ ወጥታ ይሆናል።»

«አልሰማኋትም።»

«ነፋሱ ከዞረ የዛሬው ቀን ቀረ። ዝናቡ ቀድሞን ከመጣ ደግሞ ዓመቱ ቀረ።»

«ይቅር።»

ሰዎቹ ከግራና ከቀኝ ያዩኛል።  ችቦውን ከፍ አድርጌ ይዤ፣ አፌን ከፍቼ፣ ትንፋሼን እንኳ ይዤ አዳመጥኩ። ፉሌንሳው በነፋስ ያፏጫል። ጅግራ ጮኸች። ሌላ ነገር የለም።

ችቦውን አፈር ውስጥ ተከልኩት፤ ጠፋ። ከዚያ ወደ ቁጥቋጦው ገባሁ፣ ስሟን እየጠራሁ።